«ነው» እና «አሉ»፦ የስትሪንግ ቲዮሪ መጻሕፍት ከእንጦጦ ሥር ሲነበቡ

«ስትሪንግ ቲዮሪ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? «የክር ንድፈ ሐሳብ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ክር ሲባል ቶሎ ወደ ልባችን የሚመጣው እንዝርት፣ ሸማኔና መርፌ ነው፤ ክር ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ይሰፋበታል። ፊዚሲስቶቹ የሚያወሩት ግን ስለሚርገበገብ ነገር ነው። ለዚያ ደግሞ «አውታር» የሚል የቆየ ቃል አለን፤ የበገናው፣ የክራሩ፣ የመሲንቆው። (ክራር የሚመታ ጓደኛዬ «እኛ እኮ ክር ነው የምንለው» ብሎ ተከራክሮኛል። ይሁንለት።)

ነገሩ የቃል ምርጫ ብቻ ቢሆን ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ትቼው አልፍ ነበር። ግን ቃሉን ስንመርጥ ምሳሌውንም አብረን እንመርጣለን፤ ይህን ፊዚክስ ከእኔ ዓይነቱ አንባቢ ዘንድ ያደረሰው ደግሞ ሒሳቡ ሳይሆን ምሳሌው ነው። ብራያን ግሪን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው «ዘ ኤለጋንት ዩኒቨርስ» ሐሳቡን በቫዮሊን አውታር ያስረዳል። ለእኛ መሲንቆ ይቀርባል። መሲንቆ ያላት አውታር አንዲት ናት፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራች። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም ከዚያችው ከአንዷ ነው የሚወጡት፤ ልዩነቱ ጣት የት እንዳረፈ ነው። ስትሪንግ ቲዮሪም በግርድፉ የሚለው ይኸንኑ ነው፤ ኤሌክትሮኑ፣ ኳርኩ፣ የብርሃን ቅንጣቱ ለየብቻ የቆሙ ነገሮች ሳይሆኑ የአንድ ዓይነት አውታር ልዩ ልዩ ንዝረቶች ናቸው። ከንዝረቶቹ አንዱ የስበት ቅንጣት ሆኖ መገኘቱ ነው ፊዚሲስቶቹን ያስፈነደቃቸው። ምክንያቱም የአንስታይን የስበት ሕግና ኳንተም ሜካኒክስ የሚባለው የአቶሙ ዓለም ሕግ ለየብቻቸው ሲሆኑ በትክክል ይሠራሉ፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ ሒሳቡ ይፈርሳል።

ደስ የሚል ምሳሌ ነው። የሚሰበርበትም ቦታ አለው። መሲንቆ ላይ አውታሯ የታሰረችበት እንጨት አለ፣ ድምፁን የሚሸከም አየር አለ፣ የሚጫወት አዝማሪ አለ። በቲዮሪው ውስጥ እንጨቱም አየሩም አዝማሪውም የሉም። ምሳሌው የት ድረስ እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚጥል የማይነግር ጸሐፊ ሰው አሳፍሮ መውረጃውን እንደማይነግር ወያላ ነው።

የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ ነው። መጻሕፍቱን ያነበብኳቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ገሚሶቹን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ገዝቼ፣ የቀሩትን ሰው በስልክ ልኮልኝ። ያነበብኩትን ለሌላ ካላወራሁት ደግሞ አይጸናልኝም። አሁን የሚያዳምጠኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፊዚክስ ልማር ወይስ ኢንጂነሪንግ እያለ የሚያመነታ። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ስለ አውታሮቹ እነግረው ነበር። «ሁሉም ነገር የተሠራው ከአውታር ነው» ስለው አቋረጠኝ።

«ጋሼ፣ ነው ነው ወይስ ነው አሉ?»

«እንዴት?»

«ማለቴ፣ ያየው ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ‹አሉ› ይበሉኝ እንጂ።»

ይህ ልጅ ሳያስበው የሒስ መለኪያ አቀበለኝ። አማርኛ ተናጋሪ ወሬ ሲያቀብል ምን ያህል ዋስ እንደሚሆን አብሮ ይናገራል። «ነው» አለ፣ «ይሆናል» አለ፣ «ይመስላል» አለ፣ «ይባላል» አለ፣ «ቢሆን ኖሮ» አለ። ከሁሉም ያቺ ትንሿ «አሉ» ትገርመኛለች። «ነገ ውሃ ይመጣል አሉ» ያለ ሰው ወሬውን አምጥቷል፣ ዋስ ግን አልሆነም፤ ውሃው ቢቀር ማንም አይወቅሰውም። እንግሊዝኛም ለዚህ መግለጫ አያጣም። ችግሩ የቋንቋው ሳይሆን የመጻሕፍቱ ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ እርሳስ ይዤ ነው የማነበው፤ በየአንቀጹ ኅዳግ ላይ ወይ «ነው» ወይ «አሉ» እጽፋለሁ። መጻሕፍቱን እንደገና ያነበብኳቸው በዚህ መንገድ ነው።

የስቲቨን ሆኪንግ «ኤ ብሪፍ ሂስትሪ ኦፍ ታይም» (1988 እ.ኤ.አ.) ብዙ አያቆየንም። ሆኪንግ አንድ ፎርሙላ በተጨመረ ቁጥር የመጽሐፉ ሽያጭ በግማሽ ይወርዳል ተብሎ ስለተመከረ አንዲት ፎርሙላ ብቻ አስገባ። አንባቢ ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ውለታ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ሒሳቡ ሲወጣ አብሮ የወጣ ነገር ያለ ይመስለኛል። ፊዚሲስት የፊዚሲስትን ጽሑፍ ሲያነብ ሒሳቡ የት ላይ እንደጠነከረ፣ የት ላይ ግምት እንደገባ ያያል። ሒሳቡ የሌለበት አንባቢ ያን ምልክት ያጣል፤ ስለዚህ ጸሐፊው በሌላ መንገድ፣ በቃሉ ቃና፣ ሊተካለት ይገባል።

ግሪን የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል፣ ስለ ጊዜና ቦታ፣ ስለ ስበትና ስለ ኳንተም የሚያወራው፣ በኅዳጉ ላይ «ነው» ሞልቶታል፤ በትክክልም ነው። አንስታይንን ለሰፊ አንባቢ ከዚህ በተሻለ ያስረዳልኝ ጸሐፊ የለም። ከዚያ ወደ አውታሮቹ ይገባል፤ ቃናው ግን አይለወጥም። ያው ሞቅ ያለ ድምፅ፣ ያው እርግጠኝነት፣ ያው ዓይነት ምሳሌ። መቶ ዓመት ሙሉ ሲለካ የኖረውና አንዴም ያልተለካው በአንድ እስትንፋስ ይነገራሉ። ሰውዬው አይዋሽም፤ ፍትሐዊ ለመሆን ይህን መናገር አለብኝ። ስለ ማስረጃ የሚያወራ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው፣ ማስረጃው ገና እንዳልመጣም እዚያ ያምናል። ግን ያ ኑዛዜ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሲጋራ ፓኬት ላይ እንዳለ ማስጠንቀቂያ ሆኗል፤ አጫሹ አይቶት ያልፋል። በዚያ ምዕራፍ ተስፋ ከተጣለባቸው ነገሮች አንዱ ጄኔቫ አጠገብ ይሠራ የነበረው ባለ 27 ኪሎ ሜትር የቅንጣት ማፋጠኛ ነው፤ ለየቅንጣቱ «ከባድ ጓደኛ» ያገኝለታል ተብሎ። ማፋጠኛው ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የሂግስን ቅንጣት አገኘ። ከባድ ጓደኞቹ እስካሁን አልመጡም።

ለምን አውታሮቹን በቀጥታ አናይም? ስለ መጠናቸው ያለው መደበኛ ግምት ከነጥብ በኋላ 34 ዜሮ ተደርድሮ 1 የሚጻፍ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ለማንም ምንም አይናገርም። በራሴ መንገድ አስልቼ ለልጁ የነገርኩት እንዲህ ነበር፦ አውታሯ በአቶም እምብርት ካለችው ፕሮቶን ጋር ስትነጻጸር፣ ፕሮቶኗ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ካለው መንገድ ጋር እንደምትነጻጸረው ናት። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስቡት። እዚያ ወርዶ ለማየት የሚያስፈልገው ጉልበት አሁን ያለው ትልቁ ማፋጠኛ ከሚሰጠው አንድ ሺህ ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። የእኛ አገር የበጀት ጉዳይ አይደለም ማለት ነው፤ የማንም አገር በጀት አይደርስበትም።

ቀጥሎ ዳይሜንሽኖቹ ይመጣሉ። ቲዮሪው እንዲሠራ ጊዜን ጨምሮ 10 ዳይሜንሽን ይፈልጋል፤ እኛ የምናውቀው 4 ብቻ ነው። ግሪን በውሃ ጎማ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ያመጣል፤ ጎማው ከሩቅ ሲታይ መስመር ነው፣ ለጉንዳኗ ግን ዙሪያም አለው። ጥሩ ነው። እኔ እንጦጦን አስባለሁ። ከታች፣ ከቀበና ወንዝ ዳር ሆነህ ስታይ በባሕር ዛፉ መሐል የሚወጣው ቀጭን መንገድ መስመር ነው፤ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ። ጭራሮ በጀርባዋ አግድም ተሸክማ የምትወርድ ሴት ግን መንገዱ ስፋት እንዳለው ከማናችንም በላይ ታውቃለች፤ ሸክሟ እንዳይነካ ገደሉ ጋ ጎኗን ታዞራለች። ስፋቱን የሚያውቀው በስፋቱ የሚቸገር ነው። ይህ ምሳሌም ይሰበራል፤ መንገዱ ተራራው ላይ አለ፣ የተጠቀለሉት ዳይሜንሽኖች ግን ምንም ላይ የሉም። ደግሞ ሴትዮዋ ስፋቱን በሸክሟ ለክታዋለች። ለስድስቱ ዳይሜንሽን እስካሁን እንዲህ ያለ ሸክም የተሸከመ የለም።

10 ቁጥር ሲነሳ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። በገና 10 አውታር አለው፤ ቁጥሩም ከአሥርቱ ትእዛዛት ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ስትሪንግ ቲዮሪ 10 ዳይሜንሽን አለው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሻይ ገጣጥሞ «አባቶቻችን አስቀድመው ያውቁት ነበር» ማለት እንዴት እንደሚቀልል ሰምቼዋለሁ። ለበገናውም አይጠቅመውም፣ ለፊዚክሱም። በገና የሚነዝረው ከአውታሩና ከመቀመጫው መካከል በምትገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራዋ ምክንያት ነው፤ ይህ ራሱ ድንቅ ፊዚክስ ነው፣ መለካትም ይቻላል። የፊዚክሱም 10 የመጣው ከሒሳቡ ነው፤ ያለዚያ ሒሳቡ እርስ በርሱ ይጣላል። ለዚህ ዓይነቱ ግጥምጥም በር የሚከፍተው ግን የመጻሕፍቱ አጻጻፍ ነው። ምሥጢር የሚገለጥ በሚመስል ቃና ከጻፍክ አንባቢህ ምሥጢር ሲፈታ መዋሉ አይገርምም። የሚቺዮ ካኩ «ሃይፐርስፔስ» (1994 እ.ኤ.አ.) በዚህ ረገድ የባሰ ነው፤ እንደ ልብ ወለድ ጣፋጭ ነው፣ ኅዳጉ ላይ ግን «አሉ» መጻፍ ደክሞኝ ተውኩት።

ተቃውሞው እ.ኤ.አ. በ2006 በሁለት መጻሕፍት መጣ፤ የፒተር ዎይት «ኖት ኢቨን ሮንግ» እና የሊ ስሞሊን «ዘ ትራብል ዊዝ ፊዚክስ»። የስሞሊን ይበልጣል። ቲዮሪው ስንት ዓይነት ዓለም እንደሚፈቅድ ሲቆጠር 1 ተጽፎ 500 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ላይ የሚደርስ ግምት መኖሩን፣ ሁሉን የሚፈቅድ ቲዮሪ ደግሞ በምንም ሊፈተን እንደማይችል ያስረዳል። የመጨረሻው ክፍል ግን ስለ ቅንጣት ሳይሆን ስለ ሰው ነው፦ ማን ይቀጠራል፣ ወጣት ተመራማሪ ሥራ ለማግኘት ምን ላይ መጻፍ እንዳለበት ማን ይነግረዋል፣ ሁሉም አንድ ነገር ሲያስብ «አይመስለኝም» ያለው ወዴት ይገፋል። የእኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ክፍል ያለ ፊዚክስ ይረዳዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ ግን፤ ስሞሊን የስትሪንግ ቲዮሪ ተፎካካሪ በሆነ ሌላ የስበት ቲዮሪ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ዳኛም ከሳሽም ነው። ይህን ራሱ አይደብቅም፣ አንባቢም ሊረሳው አይገባም።

ከኮተቤ ወደ ሰሜን ቀና ስል የእንጦጦን ሰንሰለት አያለሁ። እዚያ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ያንን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው፤ መሥራቾቹ በጊዜው እንደ እብድ ታይተው ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተመነጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃዋን ለመቀበል የተዘጋጀውም ጣቢያ እንጦጦ ነው። እነዚህ ቴሌስኮፖች አውታር አያዩም። እንዲያውም በክረምት ደመናው፣ ከዚያ ውጭ የከተማው መብራት እያስቸገራቸው ከኮከቡም ጋር ይታገላሉ፤ ለትልቁ ቴሌስኮፕ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የታሰቡት በዚህ ምክንያት ነው። ለእኔ ግን ይህ ትግል በግሪን መጽሐፍ ውስጥ የጎደለው ምዕራፍ ነው። «አሉ» ወደ «ነው» የሚለወጠው ሰው ሌሊት ብርድ ላይ ቆሞ፣ ደመና እስኪገለጥ ጠብቆ፣ የለካውን እንደገና ለክቶ ነው።

«ነው» ለመባል የግድ መታየት አለበት ማለቴ እንዳይመስል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ ቀለበት ሆነች። ይህ እንደሚሆን፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ፣ ከዓመታት በፊት ተጽፎ ነበር። ጨረቃ አንድ ሰዓት ብትዘገይ ኖሮ አስሊዎቹ በዓለም ፊት ያፍሩ ነበር። እንግዲህ ሳይታይም «ነው» ማለት ይቻላል፤ የሚያሳፍርህን ሰዓት አስቀድመህ ከተናገርክ። ስትሪንግ ቲዮሪን የሚያወድሱ መጻሕፍት ውስጥ ይህችን ሰዓት ፈልጌ አጣሁ።

ልጁ ላይ የምፈራውም አለ። እነዚህ መጻሕፍት ፊዚክስ ማለት የመጨረሻውን ቲዮሪ መፈለግ ብቻ አስመስለው ስለሚያቀርቡት፣ ሌላው ሁሉ ትርፍራፊ ይመስላል። ፊሊፕ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ይህንን አጥብቆ ተቃውሟል፤ ብዙ ነገር አንድ ላይ ሲሰበሰብ የራሱ አዲስ ሕግ ይወጣዋል፣ ያም ከቅንጣቱ ሕግ የማያንስ መሠረታዊ ነው ብሎ። እኛም ጋ የተሠራው ብዙ ነገር እዚያ ወገን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ በቀለ ስታቲስቲካል ፊዚሲስት ናቸው፤ በደርግ ዘመን ታስረዋል፣ ወጥተው ወደ ፊዚክሳቸው ተመልሰዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚካል ሶሳይቲ ለሰብአዊ መብትና ለትምህርት ነፃነት ስላደረጉት ጥረት የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ግሪንን ብቻ ያነበበ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲህ ያለ መምህር ፊት ሲቀመጥ «ይሄ ፊዚክስ አይደለም» ብሎ ቅር እንዳይለው ነው ፍርሃቴ።

ለዚህ ነው በመጨረሻ ለልጁ የሰጠሁት መጽሐፍ የአብዱስ ሳላም «ዩኒፊኬሽን ኦፍ ፈንዳሜንታል ፎርስስ» የሆነው። ወደ አማርኛ ስነግረው «ኃይል» የሚለው ቃል አስቸገረን፤ መብራት ኃይልም ኃይል ነው፣ አየር ኃይልም ኃይል ነው፣ ስበትም ኃይል ነው። ተሳስቀን አለፍነው። ሳላም በአሁኑ ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1926 ተወለደ፤ በካምብሪጅ ተምሮ በ1951 ወደ ላሆር ተመለሰ፣ የሚያማክረው ፊዚሲስትም ሆነ አዲስ ጽሑፍ አጥቶ በ1954 እንደገና ወጣ። አገርን ወይም ፊዚክስን ምረጥ የተባለ ያህል ነበር። በ1964 ጣሊያን፣ ትሪየስት ላይ ያቋቋመው ማዕከል መልሱ ነው፤ ከድሃ አገር የመጣ ተመራማሪ ለጥቂት ወራት መጥቶ ሠርቶ አገሩ እንዲመለስ፣ እንደገናም እንዲመጣ። ከእኛም አገር የፊዚክስ መምህራን በዚያ በር አልፈዋል።

ሳላም ስለ አንድነት ሲጽፍ የተለየ ድምፅ አለው። እሱና ሁለቱ ባልደረቦቹ ኤሌክትሮመግነጢስንና ደካማውን የኑክሌር ኃይል አንድ አደረጉ፤ ቲዮሪያቸው ያላቸውን ቅንጣቶች ማፋጠኛው እ.ኤ.አ. በ1983 አገኛቸው። ይህ «ነው»። ቀጥሎ ያለው እርምጃ፣ ብርቱውንም ኃይል መጨመር፣ «አሉ» ላይ ነው፤ ሳላምም እንደዚያ ይነግረዋል። በ1974 ከጆገሽ ፓቲ ጋር ሆኖ ያቀረበው ሐሳብ ፕሮቶን ዘላለማዊ ላትሆን ትችላለች፣ አንድ ቀን ልትፈርስ ትችላለች የሚል ነው። ይህ የሚያሳፍር ሰዓት ያለው ንግግር ነው። ጃፓኖች ካሚዮካ በሚባል ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች፣ 3,000 ቶን ውሃ አጠራቅመው አንዲት ፕሮቶን ስትፈርስ ለማየት ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1987 ገንዳው ብልጭ ብልጭ አለ፤ ፕሮቶን አልነበረም፣ ከጎረቤት ጋላክሲ የፈነዳ ኮከብ የላካቸው ኒውትሪኖዎች ነበሩ። ከዚያ የሚበልጥ ባለ 50,000 ቶን ገንዳ ተሠርቶ ዛሬም እየጠበቀ ነው። ሳላም በ1996 አረፈ፤ ፕሮቶን ስትፈርስ ገና አልታየችም።

ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ የሳላምን ንግግር የሃይዘንበርግና የዲራክ ንግግሮች ይከተሉታል። እንደ ግሪን አትጣፍጥም፣ ለጀማሪ ብላ አትጠብቅም። ሒሳብ የበዛባቸውን ገጾች እኔ ዘልያቸዋለሁ። ልጁ ግን ሁለት ሳምንት ሆነው፣ እነሱ ላይ ነው የቆመው፤ ወረቀትና እርሳስ ይዞ።